የእሜቴ ወተት

ድመት ወደ ላይ ሲላት የምታሰማው ድምፅ አለ። መጀመሪያ ጎንበስ ትላለች፣ አንገቷን ታስረዝማለች፣ ከዚያ ከሆዷ ሥር «ኸክ፣ ኸክ» የሚል ነገር ይመጣል። እኔ ያን ድምፅ ሰምቼ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ሻለቃ የሚባል አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ድመት አለኝ። እሱ አንዴ ኸክ ካለ ስልክ እያወራሁም ቢሆን ዘግቼ እነሣለሁ። ጓደኞቼ «ለድመት ነው እንዲህ የምትሆኚው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምክንያቱን ማስረዳት ረጅም ስለሆነ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሥራዋ አዋሳ ስለነበር የማድገው የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ዳገት፣ አያቴ ቤት ነበር። አያቴን መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ሰፈሩ በሙሉ ያከብራቸዋል፤ አርባ ዓመት ድጓ አስተምረዋል፣ ግማሹ የአካባቢው ካህን ጆሮውን በእሳቸው ተቆንጥጦ ያደገ ነው። እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ቤቱን የምታስተዳድረው የእናቴ ታላቅ እህት አስረሳሽ ነበረች። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፣ ባል አላገባችም፣ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ዝም ነው የምትለው። እሷን ደግሞ እትዬ እላታለሁ። አራተኛዋ የቤቱ ሰው እሜቴ ናት፤ ፀጉሯ የረዘመ፣ ግራጫ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ድመት። በዚህ የበላይነቷ አንድም ቀን አልቀለደችም፤ ወንበር ላይ ከተቀመጠች የምትነሣው አባባ ሲመጡ ብቻ ነበር።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ሁለት በሽተኛ ነበረው። አባባ በጥር ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ከሆስፒታል ወጥተው ነበር፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፣ ከምግብም የሚረጋላቸው ጥቂቱ ነው። እሜቴ ደግሞ በየሁለት ቀኑ ታስመልሳለች። ትልልቆቹ ስለ አባባ ሲያወሩ በር ስለሚዘጉ እኔ ጋ የሚደርሰው ቁርጥራጩ ነበር። «ደማቸው ወርዷል»፣ «ወተት እንቁላሉ ካልገባ ፋሲካን አያዩም ብሏል»፣ «እሺ ካሉ አይደል?» ይላሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ፋሲካ ሩቅ መሆኑ ብቻ ነበር። የእሜቴን ሕመም ግን ማንም በር ዘግቶ አያወራበትም፤ እሱ ለእኔ የተተወ ሥራ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የአባባ የንስሐ አባት ቄስ እንድርያስ ሊጠይቋቸው መጡ። እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ የእሜቴን ጭራ እየነካካሁ ነበር።

«መሪጌታ፣ ለሕሙም ተፈቅዷል። እርስዎ ያስተማሩኝን ለእርስዎ ልንገርዎት እንዴ? ወተቱን ይጠጡ፤ እኔ እፈታለሁ» አሉ ቄስ እንድርያስ።

«ስንቱን ልጅ ጾም አትግደፍ ብዬ ገርፌአለሁ፣ አባ እንድርያስ። ዛሬ ሞት በሩን ቢያንኳኳ ወተት ጨበጥኩ? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብለው ይስቁብኛል እኮ።»

«ማን ይስቃል?»

«እኔ እስቃለሁ» አሉ አባባ፤ እውነትም ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነባቸውና እትዬ ውሃ ይዛ ሮጠች። እኔ ስለ ድመት የተወራው ነገር እሜቴን እንዳስቀየማት ለማየት ፊቷን አገላብጬ አየሁ። ያ ዓመት እኔም እስከ ስድስት ሰዓት መጾም የጀመርኩበት ነበር፤ አባባም ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ሩታ እኮ ትጾማለች» እያሉ ይነግሩልኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ወተት ቤታችን መግባት ጀመረ። ከእኛ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ እማማ ዳርቱ ሁለት ላሞች ነበሯት። በጾም ወተት የሚገዛ ስለሚጠፋ አብዛኛውን ትንጠዋለች። እትዬ እኔን አስከትላ ወጣችና በየቀኑ ግማሽ ሊትር እንደምትፈልግ ነገረቻት።

«ለማን ነው? ያውም በመሪጌታ ቤት!» አለች እማማ ዳርቱ።

«ለድመቷ ነው። አርጅታለች፣ ሆዷንም አሟታል» አለች እትዬ መሬት መሬቱን እያየች።

«ዋ! የእናንተ ድመት ከእኛ ትሻላለች» ብላ እማማ ዳርቱ እየሳቀች በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ ሰጠቻት። ቁልቁል ስንወርድ እኔ በደስታ እዘል ነበር። እትዬ እጄን አጥብቃ ይዛ «ይህን ለአባባ አትንገሪያቸው፤ የወተት ስም በጾም ሲጠራ አይወዱም» አለችኝ። ነገሩ ትክክል መሰለኝ። እሜቴ ወተቱን ስትጠጣ ግን አይቼ አላውቅም፤ እትዬ «አንቺ ትምህርት ቤት እያለሽ ነው የምሰጣት» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ዳዊት እየደገሙ ሳለ እሜቴ ምንጣፉ መሐል ቆመችና ኸክ ኸክ አለች። ከብዙ ትግል በኋላ ጣቴን የሚያህል፣ ጠቆር ያለ፣ እርጥብ ነገር ተፋች። አንጀቷ የወጣ መሰለኝ። አላለቀስኩም፤ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ጠቀለልኩትና ወደ እማማ ዳርቱ ቤት ሽቅብ ሮጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የላሞቹ ሐኪም እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፊራኦል ይባላል፤ ቦት ጫማ ያጠለቀ፣ ረጅም ወጣት ነበር። ወረቀቱን ፈትቶ በእንጨት ነካካውና ሳቀ።

«አንጀት አይደለም። የራሷ ፀጉር ነው። ራሷን ስትልስ ትውጠዋለች። ወጣት ድመት ሆዷ ያሳልፈዋል፤ ስታረጅ ግን አንጀቷ ይሰንፍና እየተጠቀለለ ይቀመጣል።»

«ትሞታለች?»

«ከተጠነቀቅሽላት ለምን ትሞታለች? ምን ትበላለች?»

«እንጀራ በሽሮ። ጾም ነዋ።»

«ድመት አትጾምም!» አለ ወደ እማማ ዳርቱ ዞሮ፤ እሷም በሳቅ ባልዲውን ልትጥለው ነበር። «ሽንኩርት ደግሞ ለእሷ መርዝ ነው። እንቁላል ቀቅለሽ አድቅቂላት፤ በውሃ አለስልሽው፤ አንዴ ጠግባ ከምትበላ ትንሽ ትንሽ ደጋግመሽ ስጫት። ውሃ ከአጠገቧ አይጥፋ። ከሁሉም በላይ በየቀኑ በሚዶ አበጥሪያት፤ ሚዶው የያዘውን ፀጉር እሷ አትውጠውም።»

«ወተትማ ትጠጣለች» አልኩት በኩራት። «በቀን ግማሽ ሊትር!»

ፊራኦል ሳቁን አቆመ። «ግማሽ ሊትር? ኧረ አቁሙ! ያረጀ ሆድ ወተት አይችልም። ተቅማጥ ያስይዛታል፣ ያስመልሳታል። ትጎዷታላችሁ።»

እማማ ዳርቱ «ውሰጂ፣ ኢንተላ፣ ልጄ» ብላ ከዶሮዎቿ ሥር ሦስት እንቁላል አንሥታ በቀሚሴ አስያዘችኝ። ቁልቁል እየሮጥኩ እንደ ጸሎት ደገምኩት፦ ያረጀ ሆድ ወተት አይችልም፣ ያረጀ ሆድ ወተት አይችልም። ፊራኦል የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነበር። ዛሬ የሻለቃ ሐኪም የምትነግረኝም ይህንኑ ነው። ትክክል የነበረው ግን ስለ ድመት ነው።

እትዬን ማጀት ውስጥ አጥሚት ስታማስል አገኘኋትና «ዶክተሩ ወተት ክልክል ነው ብሏል!» አልኳት። ማማሰያው እጇ ላይ ቀጥ አለ።

«የትኛው ዶክተር?» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«የላሞቹ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «እሺ። አልሰጣትም።»

«እንግዲያው መግዛቱም ይቅራ።»

«ሩታ፣ ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜቴን እኔ ተረከብኳት። የእትዬን አሮጌ ሚዶ ወሰድኩና ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መልስ አበጥራታለሁ። መጀመሪያ ቧጨረችኝ፤ በኋላ ራሷ ሆዷን ትሰጠኝ ጀመር። እንቁላሉን አድቅቄ ለብ ባለ ውሃ አላላለሁ፣ በቀን አራቴ አቀርባለሁ፣ ብትበላም ባትበላም አጠገቧ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። መጻጉዕ እሑድ ሲደርስ እሜቴ ማስመለስ ካቆመች ሳምንት ሞላት። ፊራኦል ከዚያ ወዲያ ለእኔ እንደ ነቢይ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሆነ ሌላ ነገርም ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። አባባ ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ጀምረው ነበር። ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ ከአግዳሚው ላይ ሆነው «እዚያ ጋ ሰበርከው!» ብለው ይቆጣሉ። ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

ወተቱ አልቆመም። አንድ ቀን እትዬ ከሥራ ስትገባ ሃይላንዱ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ለእሜቴ የማይሆን ከሆነ ለማን ነው? ጓዳ ገብቼ እሜቴን እያበጠርኩ በበሩ ስንጥቅ ወደ ማጀቱ ተመለከትኩ። እትዬ ወዲያ ወዲህ ካየች በኋላ ወተቱን የአባባ አጥሚት ውስጥ ገለበጠችው፤ አማሰለችው፣ ቀመሰችው፣ ቀረፋ ነሰነሰችበት። ከዚያ ኩባያውን ይዛ «አባዬ፣ የአጃ አጥሚትዎ ደረሰ» እያለች ወጣች።

ወዲያው ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። እሜቴ የተከለከለችውን ወተት እንዳይባክን ብላ ለአባባ እየሰጠቻቸው ነው! የአባባ ሆድ ደግሞ ከእሜቴ ሆድ ይልቅ ያረጀ ነው። አባባ አልፎ አልፎ የሚያስመልሱት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። ክፍል ውስጥ መምህሯ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለችኝ። አንድ ቀን ኩባያውን በክርኔ መትቼ ደፋሁት፤ እትዬ ጠራርጋ ሌላ ሠራች። ሌላ ቀን «እትዬ፣ የአባባ ሆድ አርጅቷል አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አዎ የኔ ልጅ፣ አርጅቷል» አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። ጥፋቷን የምታውቅ መሰለኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ግን አቡክቼ፣ ጋግሬ ለማቅረብ ሦስት ቀን በቃኝ።

ደብረ ዘይት እሑድ ጠዋት አባባ አስመለሳቸው። ትንሽ ነበር፤ እትዬ ከሐኪም እንደሰማችው ከቀዶ ሕክምናው የተነሣ ነው። እኔ ግን ድምፁን ሰማሁት፦ ኸክ፣ ኸክ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ እንድርያስና አምስት ስድስት የሚሆኑ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። አባባ ነጭ ጋቢ ለብሰው መሐል ላይ ነበሩ፤ ደስ ብሏቸው ያወራሉ። እትዬ ኩባያውን በሰሐን አድርጋ አመጣች። አባባ ተቀበሏት፣ አማተቡ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አባባ አይጠጡት!» ብዬ እጃቸው ላይ ተወረወርኩ። አጥሚቱ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። «ወተት አለበት! የእሜቴ ወተት ነው! ዶክተሩ ያረጀ ሆድ ወተት አይችልም ብሏል። እትዬ በየቀኑ ትጨምርበታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ከተማሪዎቹ አንዱ ነጠላውን እያስተካከለ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ባዶ ሰሐኑን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ቄስ እንድርያስ ብድግ ብለው «ሕሙም ናቸው፣ እኔ ፈቅጄአለሁ፤ ዕዳው በእኔ ነው» አሉ ቶሎ ቶሎ። አባባ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። ከዚያ በእርጥቡ እጃቸው ራሴን ዳበሱና «ጎሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ኩባያውን ለእትዬ መልሰው «ከዛሬ ጀምሮ በውሃ አድርጊው» አሏት።

የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ሁለት በሽተኛ ያዳንኩ ሰው ነበርኩ። እትዬ ለምን ዝም እንዳለችኝ አልገባኝም፤ ስለተጋለጠች ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወተት አልገባም። አባባ አጥሚታቸውን በውሃ ጠጡ። ገብርሔር ሲደርስ አግዳሚው ላይ መቀመጥ አቃታቸው፤ ለሆሳዕና ዘንባባውን አልጋቸው ድረስ ወሰድንላቸው። በፋሲካ ጾሙ ሲፈታ እትዬ ወተት በማንኪያ አቀረበችላቸው፤ አልወርድ አላቸው። በዳግማ ትንሣኤ ማግስት አረፉ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ለመጣው ሰው ሁሉ ነገርኩ። «እትዬ የሰጠቻቸው ወተት ነው የገደላቸው። እኔ ቶሎ ብናገር ኖሮ ይድኑ ነበር» እያልኩ አለቀስኩ። ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሐኪሙ ለአባባ ወተትና እንቁላል አዝዞ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ስታወራ እግረ መንገዷን አንሥታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ፊት መቀመጥ ሥቃይ ሆነብኝ። አሁን ጡረታ ወጥታ ወሰን አካባቢ ትኖራለች። በየበዓሉ ኬክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን፤ ሰዓቴን አይቼ እነሣለሁ።

ባለፈው ወር ሻለቃን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሟ ሆዱን እየደባበሰች «ወተት እንዳትሰጪው፤ በዚህ ዕድሜ አንጀቱ አይችልም» አለችኝ። ድመቱን ቤት አድርሼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወሰን ሄድኩ። በዓል አይደለም፣ ኬክም አልያዝኩም። እትዬ በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«እትዬ፣ አባባን የገደልኳቸው እኔ ነኝ?»

ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ አልተቀመጥኩም።

«ሐኪሙም እርግጠኛ አልነበረም። ወተቱን ቢጠጡ ዓመት ይኖሩ ነበር ወይስ አንድ ወር፣ ማን ያውቃል? እኔም ሃያ ዓመት አስቤው አላወቅሁትም» አለች። ከዚያ «እሳቸው ያውቁ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ወተቱን ነዋ! ዕድሜ ልካቸውን እንጦጦ ሥር የኖሩ ሰው የወተት ጣዕም ይጠፋቸዋል? መጀመሪያ ቀን አንዴ ተጎነጩና ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጡና ‹ነገም እንደዚሁ አድርገሽ ሥሪው› አሉኝ። ስሙን አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። መኖር ይፈልጉ ነበር፣ ሩታ።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ ቄስ እንድርያስም ለመኗቸው። ‹አስረሳሽ፣ እስከ ዛሬ የጠጣሁት አንቺ ስለደበቅሽልኝ ነው፤ አሁን ማን ይደብቅልኛል?› አሉኝ።»

እትዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።

«የዚያን ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ ልገርፍሽ ተነሥቼ ነበር። እጄን ያዙኝ። ‹ተያት። ሌላው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ላድናቸው ብላ የሮጠች እሷ ናት› አሉኝ። እሳቸው እዚያው ይቅር ብለውሻል።»

«አንቺስ?»

ውጭ የሚኒባስ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጮኻል። እትዬ እስኪያልፍ ጠበቀችና ፊቴን አየች።

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?»

እውነቷን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አውቄ፣ በየበዓሉ ደጇ እየመጣሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። እሷን ደግሞ ከሁሉ በላይ በድያታለሁ፤ በአባቷ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ አባቷን ገደለች ብያታለሁ። ተንበርክኬ የታመመውን ጉልበቷን ያዝኩና «ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ይቅር ለእግዜር» አለችኝ። ይህን እስክትል ግን ብዙ ቆየች።